1888 የሚል ቁጥር ያለው ሲንጀር፦ ሦስት አሮጌ የስፌት መኪኖችን ጎን ለጎን ያየንበት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

አሮጌ የስፌት መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። "ስንት ያወጣል?" ይላል። ዋጋው ከመነገሩ በፊት ግን መመለስ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። መኪናው መቼና የት ተሠራ? የትኛው ዕቃ የራሱ ነው? የትኛውስ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ነው? ደግሞስ ይሰፋል ወይ?

ይህን ጉዳይ ልጽፈው የወደድኩት እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ቤት ስለተገናኙ ነው። የቤተሰብ ታሪክ አለበት፣ ደላላ አለበት፣ በጽዳት የተበላሸ ጌጥ አለበት፣ የጠፋ ዕቃም አለበት። መልሱ የተገኘው መኪኖቹን አንድ በአንድ በማየት ሳይሆን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ቤተሰቡ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቼዋለሁ።

መነሻው

የቤቱ አባት ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ደሴ ሠርተዋል። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ በረንዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል። ሲያርፉ መኪኖቻቸው ዕቃ ቤት ገቡ። እዚያው ከረሙ።

መኪኖቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ትንሽ ጥቁር የእጅ ሲንጀር ነው። በቤቱ "የእማማ መኪና" ይባላል፣ የአባትየው እናት ንብረት ስለነበር። ሁለተኛው ባለ ብረት እግር ሲንጀር ነው። እንጀራ የወጣው በዚህ ነው። ሦስተኛው ቢራቢሮ ነው፣ አገራችን በየልብስ ሰፊው ደጃፍ የሚታየው የሻንጋይ ሥራ። ከሦስቱ ሌላ አንድ ጎበጥ ያለ የእንጨት ክዳን ነበር። የእጅ መኪናው ክዳን ነው ተብሎ ከጎኑ ተቀምጧል። ይህን ክዳን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ሲንጀር በየቤቱ መገኘቱ የሚገርም አይደለም። አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የኩባንያው ጉልበት ግን ከመኪናው ብቻ የመጣ አልነበረም። ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ በ1850ዎቹ አጋማሽ በየወሩ እየከፈሉ መግዛትን ጀመረ። አቅም የሌለው ሰው ቀብድ ከፍሎ መኪናውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ የቀረውን እየሰፋ ይከፍላል። ከዚያ በስኮትላንድ ክላይድባንክ፣ ኪልቦዊ በሚባል ቦታ፣ በ1880ዎቹ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ። በጉልህ ዘመኑ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ያመርት ነበር። እስከ 1980 ሠርቶ ተዘጋ። በብዙ የሲንጀር ሞዴል ስም መጨረሻ ላይ ያለው "ኬ" የሚለው ፊደል የኪልቦዊ ምልክት ነው። ሁለቱም የዚህ ቤት ሲንጀሮች የዚያ ፋብሪካ ልጆች ናቸው።

ችግሩ

የእጅ መኪናው ወለል ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ከፍ ያለች ትንሽ ስፍራ አለች። ቁጥር የሚመታው እዚያ ነው። ቤተሰቡ ያነበበው "1888" የሚለውን ነበር። የአድዋ ዓመት! የቤቱ ትልቅ ልጅ፣ አሁን በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ እናት፣ "ይህ መኪና ከአድዋ ዘመን የመጣ ነው" ሲባል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። ቁጥሩና ወሬው ገጠሙ። ማን ይጠራጠራል?

ይህ ወሬ ወደ አንድ ደላላ ጆሮ ደረሰ። ደላላው መጣ፣ ሞባይሉን መርፌው አጠገብ አስጠጋ፣ መስመሩ ተቋረጠ። "ቀይ ሜርኩሪ አለው" አለ፣ እጅግ ውድ ነው ተብሎ የሚወራለት ፈሳሽ መሆኑ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲንጀር ብቻ ነው ይህ ያለው ብሎ አስረዳ። የጠራው ዋጋ ቤት የሚያስገዛ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የመፈተሻ መሣሪያ የሚያመጣ ባለሙያ አለ፣ ለእርሱ ቤተሰቡ የተወሰነ ገንዘብ ያስቀድም አለ።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ገንዘቡን እናዋጣ አለ። ጅዳ የምትሠራ አንዲት እህት ግን በስልክ "እንዳትሰጡ! ይሄ እዚህ አገር ሰው ያበደበት ወሬ ነው" አለች። በዚህ መካከል አንዱ የእህት ልጅ መኪናው ለገዢ እንዲያምር ብሎ ከኮቪድ ጊዜ በተረፈ አልኮል ወለወለው። ወርቃማው ሐረግ ከነአበባው በጥጡ ተጠርጎ ወጣ። ግማሹ ጠፋ።

እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። የጠራችኝ የትልቋ እናት የልጅ ልጅ ናት፣ ልብስ ዲዛይን የተማረች። ጥያቄዋ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። "ከሦስቱ በየትኛው ነው መሥራት የምችለው?" አለችኝ።

አንደኛ እርምጃ፦ መኪናውን በቤተሰቡ ፊት መክፈት

ስለ ቀይ ሜርኩሪ በቃል መከራከር ዋጋ የለውም። ያመነ ሰው በቃል አይመለስም። ስለዚህ ትልቋን እናት ጨምሮ ሁሉም በተቀመጡበት ካቻቪቴ ይዤ ጀመርኩ።

የመርፌውን ፊት የሚሸፍነው ሳህን በብሎን የታሰረ ነው። ሲነሳ የመርፌው ዘንግና የረጋጩ ዘንግ ይታያሉ። ከኋላ በኩል ግንዱ ላይ ክብ ክዳን አለ። እርሱ ሲነሳ የሚሽከረከሩት ብረቶች ይታያሉ። መኪናው ወደ ኋላ ሲጋደም ሆዱ ሁሉ ክፍት ነው። ብረት፣ ብረት፣ ብረት። ጥቂት ነሐስ ቀለም ያለው ዕቃ፣ የደረቀ ዘይት፣ የክር ብናኝ። ፈሳሽ የሚቀመጥበት ዕቃ የለም፣ የሚደበቅበትም ቦታ የለም። የቤቱ ሰዎች ተራ በተራ በባትሪ አዩ።

ከዚያ ሞባይሉ ተሞከረ። በእጅ መኪናው አጠገብም፣ በቢራቢሮው አጠገብም፣ በብረት ምጣዱ አጠገብም። በሁሉም አንድ ነው፣ ምንም አይቋረጥም። ደላላው እንዴት እንዳቋረጠው ባላይም፣ ስልክን በአውራ ጣት መዝጋት ከባድ ሥራ አይደለም።

የጅዳዋ እህት ያለችውም እውነት ነው። በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2009 መሆኑ ነው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አሮጌ ሲንጀር ቀይ ሜርኩሪ አለው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወርቅ ያወጣል፣ የተቀበረ ሀብት ያሳያል ተባለ። መፈተኛውም ይኸው ሞባይል ነበር። አንድ መኪና እስከ 200,000 ሪያል ተጠየቀበት። የዓለም የዜና ተቋማት የዘገቡት ነገር ነው። በወሬው የተባለው ዓይነት ቀይ ሜርኩሪ ግን በምድር ላይ የለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም የሌለ ነገር መሆኑን ተናግሯል።

የወሬው ክፋት ገንዘብ ማስበላቱ ብቻ አይደለም። ሰው "ይፈተሽ" እያለ ደህና መኪና ይሰብራል። ለዚህ ነው ጠንከር ብዬ የምናገረው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ

ቁጥሩ ላይ የቆሻሻና የአሮጌ ቀለም ድርብርብ ነበር። አንድ ሰው በሆነ ዘመን መኪናውን በጥቁር ቀለም ነካ ነካ አድርጎታል። ላምባ በነካ ጨርቅ ቀስ ብለን አለሰለስነው፣ በጥርስ ስንጥር አነሳነው። ከ"1888" በስተግራ አንድ ፊደል ወጣ፣ "ዋይ"። በስተቀኝ ደግሞ ሦስት አሃዞች። ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር ነበር። ቤተሰቡ ያነበበው የመጀመሪያዎቹን አራት ብቻ ነው።

ይህቺ ፊደል ብቻዋን የዘመኑን ጥያቄ ትመልሳለች። ሲንጀር በቁጥሩ ፊት ፊደል ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አሃዝ ብቻ ነው ያላቸው። አድዋ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ስለዚህ ባለ ፊደል ሲንጀር ከአድዋ በፊት ሊሠራ አይችልም። ሌላም አለ። "1888" በእርግጥ ዓመት ቢሆን ኖሮ እንኳ ስኮትላንዶች የሚመቱት በራሳቸው አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ወደ 1880 ዓ.ም. ይወርዳል። የአድዋ ዓመት ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው።

የቁጥሮቹ ዝርዝር ታትሞ የሚገኝ ነው። ሰብሳቢዎች ለዓመታት አጥንተውታል። "ዋይ" የክላይድባንክ ፊደል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ያገለገለ። የዚህ መኪና ቁጥር ደግሞ ከተራው መጀመሪያ አካባቢ ነው። በእኛ ሲታሰብ የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ላይ ይወድቃል። ሞዴሉ 28ኬ ነው።

የእግር መኪናው ቁጥር በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ "ኢ.ኤፍ."። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ 15ኬ ነው። ይህ ደግሞ አባትየው ሥራ ከጀመሩበት ዘመን ጋር ይሄዳል። ቢራቢሮውን በዓመት ማስቀመጥ አልተቻለም፣ ዋናው ነገርም እርሱ አልነበረም።

ትልቋ እናት ግን ከፋቸው። "እናቴ አልዋሸችኝም" አሉ። እኔም አልዋሹም ነበር ያልኩት። "እማማ፣ ወሬው ስለዚህ መኪና ላይሆን ይችላል" አልኳቸው። ያን ጊዜ ማስረጃ አልነበረኝም። ማስረጃው የመጣው ከክዳኑ ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ክዳኑ

ክዳኑን በእጅ መኪናው ላይ ስናስቀምጠው አልገጠመም። ቤተሰቡ እንጨቱ አብጦ ወይም ተጣሞ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በሜትር ለካነው። ክዳኑ በርዝመት ከመኪናው መቀመጫ እጅግ ይበልጣል። እንጨት ያን ያህል አያብጥም።

ሲንጀር የቤት መኪኖቹን በሁለት መጠን ይሠራ ነበር። ሙሉ መጠን ያላቸው ወለላቸው ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 18 ያህል ነው። ሦስት አራተኛ የሚባሉት ደግሞ ወደ 32 በ16 ተኩል ናቸው፣ ለመሸከም እንዲቀልሉ ያነሱ። ሞዴል 28 የሞዴል 27 ታናሽ ነው። አሠራራቸው አንድ ነው፣ መጠናቸው ብቻ ይለያያል። የዚህ ቤት ክዳን የሙሉ መጠን መኪና ክዳን ነው። የ15ኬውም አይደለም፣ እርሱ ጠረጴዛው ውስጥ የሚቀመጥ ነው። የቁልፉም ቀዳዳ ከመቀመጫው መቆለፊያ ጋር አይገናኝም።

እንግዲህ ክዳኑ የሌላ መኪና ነው። በዚህ ቤት፣ ወይም ከዚህ ቤት ጋር በተዋለደ ቤት፣ ትልቅ የእጅ መኪና ነበረ ማለት ነው። ምን ዓይነት እንደነበረና መቼ እንደተሠራ ክዳኑ አይናገርም። የአድዋ ዘመን ነበር ብዬ አልጻፍኩም። ነገር ግን "ከዚህ በፊት ሌላ መኪና ነበረን" የሚለው አሁን በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ አለው። ትልቋ እናት ይህን ሲሰሙ ጥቂት ቆይተው፣ አያታቸው ደሴ ሳሉ መኪና ሸጠው ሌላ እንደገዙ የሚባል ነገር ትዝ አላቸው። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ክዳኑን ብቻውን ያየ ሰው አሮጌ እንጨት ነው ይላል። መኪናውን ብቻውን ያየ ሰው ክዳኑ ጠፍቷል ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የለካ ሰው ነው የጠፋውን መኪና የሚያገኘው።

አራተኛ እርምጃ፦ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ክር ማወዳደር

ወደ ልጅቷ ጥያቄ መጣን። ማወዳደር ማለት አንዱን ዛሬ በጅንስ፣ ሌላውን ነገ በሐር መሞከር አይደለም። ሁሉ ነገር እኩል መሆን አለበት። ሦስቱም አንድ ዓይነት መርፌ ይበላሉ፣ በየሱቁ የሚገኘውን ተራውን የቤት መኪና መርፌ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከእነዚህ በዕድሜ የሚበልጡ አንዳንድ አሮጌ ሲንጀሮች የራሳቸውን መርፌ ይፈልጋሉ፣ እርሱም እንደ ልብ አይገኝም።

ለሦስቱም አዲስ 14 ቁጥር መርፌ ተገጠመ። የላዩ ክር ጥቁር፣ የታቹ ነጭ ተደረገ። እንዲህ ሲሆን የክሩ ውጥረት ጉድለት በዓይን ይታያል። ነጩ ላይ ከታየ የላዩ ጠብቋል፣ ጥቁሩ ታች ከታየ የላዩ ላልቷል። የስፌቱ ርዝመት በአንድ ሴንቲ ሜትር አራት ያህል እንዲሆን ተስተካከለ። በ28ኬው ላይ ይህን የሚያደርገው ብሎን ቁጥር የለውም፣ እየሰፉ በማስመሪያ መለካት ነው። ከዚያ ሦስት ጨርቅ፦ ድርብ አቡጀዲ፣ የነጠላ ጫፍ፣ አራት ድርብ የጅንስ እጥፋት።

አቡጀዲው ላይ ሁሉም ደህና ናቸው። ልዩነቱ የመጣው በሁለቱ ጫፍ ነው።

ነጠላው ላይ 28ኬው አሸነፈ። ረጋጩን የሚጫነውን ብሎን ላላ ስናደርግለት ስፌቱ እንደ መስመር ሄደ፣ ሸማው አልተሸበሸበም። የእጅ መኪና በመሆኑ ከጥልፍ ጥግ ሲደርሱ አንድ መርፌ ብቻ ወደፊት መሄድ ይቻላል። የ28 አሠራር የቆየ ነው። የታቹ ክር በቀጭን ረዥም ቦቢን ተጠንጥኖ የሸማኔ መወርወሪያ በመሰለች ብረት ውስጥ ይገባል። እርሷ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች በላዩ ክር ቀለበት ውስጥ ታልፋለች። ለፍጥነት አይመችም፣ ለእርጋታ ግን ይመቻል።

15ኬው ነጠላውን መጀመሪያ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ጎተተው። 14 ቁጥሩን በ11 ቀይረን፣ ከሥሩ ስስ ወረቀት ስናደርግለት ተስተካከለ። ጅንሱ ላይ ግን የሚደርስበት የለም። በእግር እየተረገጠ አራቱን ድርብ ሳይንገራገጭ አለፈ። በ15 ላይ ቦቢኑ ክብ ነው፣ በራሱ ቤት ውስጥ ቁም ብሎ ይቀመጣል። ክሩን የሚይዘው መንጠቆ በዙሪያው ግማሽ ክብ እየሄደ ይመለሳል። ይህ ንድፍ ጥሩ በመሆኑ ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች በብዛት ቀዱት፣ ቻይናም ሠራችው። ቢራቢሮው ራሱ የ15 ቅጂ ነው።

ታዲያ ቢራቢሮው ከ15ኬው በምን ያንሳል? ጎን ለጎን ሲሆኑ በጣት ይታወቃል። የመንጠቆው መሮጫ በሲንጀሩ ላይ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። በዚህኛው ቢራቢሮ ላይ ሻካራ መስመሮች አሉት፣ ጅንሱም ላይ ስፌት ይዘላል፣ ድምፁም ይበዛል። ሁሉም ቢራቢሮ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ስንት ልብስ ሰፊ በእርሱ ልጆች አሳድጓል። ይህኛው ግን በሥራ ያለቀ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሲንጀሩ የሌለው ነገር አለው፣ ወደ ኋላ የሚያሰፋ እጀታ። የስፌት ጫፍ ለመቆለፍ ያ ቀላል ነገር አይደለም።

የሠራውና ያልሠራው

15ኬው ሲገኝ የቦቢኑ ቤት ጠፍቶ ነበር። ምናለሽ ተራ ተፈልጎ አንድ ተገዛ፣ አልተቀመጠም። ምክንያቱ ከቦቢኑ ቤት ላይ የሚወጣው ትንሽ ጣት ነው። በአንዳንዱ ላይ ወደ 11 ሰዓት፣ በሌላው ላይ ወደ 1 ሰዓት ያዘነበለ ነው። ሁለቱ አይለዋወጡም፣ ሲታዩ ግን መንትያ ይመስላሉ። የቢራቢሮው ሲሞከር ልክ ገባ። ስለዚህ ቢራቢሮው ለ15ኬው ዕቃ ሰጪ ሆነ።

የእግር መርገጫውን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ተበጥሶ ነበር። አባትየው በመጨረሻ ጊዜያቸው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ይጠቀሙ ነበር። ላስቲኩ ጅንስ ላይ ሲደርስ ይሳባል፣ እግር ይሄዳል መርፌው ይቆማል። በክብ የቆዳ ጠፍር ተተካ፣ ጫፍና ጫፉ በሽቦ ተያያዘ። ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

28ኬው ላይ አዲስ መወርወሪያ መግጠም አልሠራም። የድሮው ጫፉ ዝጎ ስለነበር ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው አዲስ ተገኘ። አዲሱ ግን የክር መጭመቂያው ላላ ያለ ነው፣ ሲጠብቅም ክር ይበጥሳል። ስፌቱ ቀለበት ቀለበት ሆነ። መጨረሻ ላይ የድሮውን በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት፣ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ብቻ፣ አለስልሰን መለስነው። እርሱ ነው አሁን የሚሰፋው።

የጠፋው ጌጥ አልተመለሰም። በክላይድባንክ ጊዜ ጥቁሩ ቀለም ላይ ወርቃማው ሥዕል ይለጠፋል፣ በላዩ ደግሞ አናጢዎቻችን ጎማላካ የሚሉት መከላከያ ይቀባል። አናጢ ጎማላካን የሚበጠብጠው በአልኮል ነው። አልኮል መኪናው ላይ ሲያርፍም የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ መከላከያውን ያሟሟል፣ ሥዕሉም አብሮ ይነሳል። አንዳንዱ ሰው አዲስ ሥዕል አስለጥፉበት አለ። እኔ ተቃወምኩ። የቀረው ግማሽ እውነተኛ ነው፣ አዲሱ ግን መቼም የዚህ መኪና አይሆንም። ቤተሰቡ ተስማማ፣ የቀረው በሰም ተሸፈነ።

ገንዘቡን በተመለከተ የደላላው ዋጋ ሕልም ነበር። ክላይድባንክ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ያወጣ ፋብሪካ ነው፣ 28ኬ በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። ዕድሜ ብቻውን አንቲካን ውድ አያደርግም። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ቅር ያለው ነበር፣ አልደብቅም። ለደላላው ገንዘብ አልተሰጠም፣ ደላላውም አልተመለሰም። 15ኬው ለልጅ ልጃቸው ተሰጠ፣ ትሠራበታለች። 28ኬው ከትልቋ እናት ዘንድ ነው። ነጠላ ጥለት ሲሠራ ይወጣል።

ለሌላ ቤት የሚሆን

አሮጌ መኪና ሲገኝ መጀመሪያ መወልወል የለበትም። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ልኬቱ። ጽዳት በመጨረሻ ነው። ሲጸዳም በለስላሳ ጨርቅና በስፌት መኪና ዘይት፣ በትዕግሥት። አልኮልና የመስታወት ማጽጃ ጌጡ ላይ አይድረስ። ላምባ ለተጣበቀው የውስጥ ብረት ነው፣ ጌጥ ላይ አይወጣም። የምግብ ዘይት ጨርሶ አይጠጋ። ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ብዙ "ተበላሸ" የተባለ መኪና የተያዘው በእርሱ ነው።

ቁጥር ሲነበብ ከፊደሉ እስከ መጨረሻው አሃዝ ነው። አራት አሃዝ አይቶ ዓመት ነው ማለት ያሳስታል። ሌላም ወጥመድ አለ። በአንዳንድ መኪኖች ተንሸራታች ክዳን ላይ ዓመት ተጽፎ ይገኛል። ያ የፈጠራ መብት የተመዘገበበት ነው፣ መኪናው የተሠራበት አይደለም።

መርፌ ሲገጠም ጠፍጣፋው ጎን መወርወሪያው ወይም መንጠቆው ወደሚያልፍበት ይዞራል። በ28 እና በ15 ላይ አቅጣጫው ይለያያል። "መኪናው አልሰፋ አለ" ተብሎ የሚጣል መኪና ስንቱ መርፌው ተገልብጦ ብቻ ነው!

ትንሽ ዕቃ ለመግዛት ሲኬድ አሮጌው በኪስ ይያዝ። በቃል ገለጻ የተገዛ ዕቃ አይገጥምም። የራሱ የሲንጀር ዕቃ ብዙውን ጊዜ "ሲማንኮ" የሚል ጽሑፍና ቁጥር ተመትቶበታል፣ የሲንጀር ፋብሪካ ስም ምህጻር ነው። ያ ጽሑፍ ያለበት ያለቀ ዕቃ ከአዲሱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የቤተሰብ ታሪክና የመኪናው ዘመን ሲጋጩ አንዱን ለማሸነፍ መቸኮል አያስፈልግም። ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ። ለዚህ ቤት 28ኬ የጻፍነው ወረቀት በመቀመጫው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሙሉ ቁጥሩ አለበት፣ ሞዴሉ፣ የወለሉ ርዝመትና ወርድ፣ ያልተቀየረው መወርወሪያ፣ አልኮል የነካው ቦታ። ከሥር በኩል ደግሞ የክዳኑ ልክ ተጽፎ፣ "የሌላ፣ የሚበልጥ መኪና ክዳን ነው፤ በደሴ ስለተሸጠው መኪና የሚያውቅ ዘመድ ካለ ይጠየቅ" ይላል። ትልቋ እናት የሚያስታውሷቸውን ሦስት ዘመዶች ስም በራሳቸው እጅ ጨምረውበታል። የልጅ ልጃቸው ሁለቱን አግኝታለች፣ ሦስተኛው ኮምቦልቻ ናቸው፣ እስካሁን አልተጠየቁም።